ማሽን ገመና የለውም

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብሎ የተረተው ሰው ድርጅት አስተዳድሮ አያውቅም፤ ጣቢታ እንዲህ እያለች ታማርራለች። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በሚገኘው የቆርቆሮ ወርክሾፗ «እሺ» የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትሰማው አንድዬ ይወቀው። ላሜራው ነገ ይቆረጣል? እሺ። ለደንበኛዋ ይደወልላታል? እሺ። ይህ ብየዳ ይይዛል? እሺ፣ ምን ችግር አለው። ከዚያ ላሜራው ሳይቆረጥ፣ ለደንበኛዋም ሳይደወል ይቀራል፤ ብየዳውም ይለቃል።

ጣቢታ ከሠላሳ ትንሽ አልፋለች። ያደገችው ከከተማው ወጣ ባለች ቀበሌ ነው። አባቷ አስተማሪ ነበሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ትርፊት እንሰት ተክለው፣ ፍቀው፣ ቆጮውን ገበያ አውጥተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው። እንሰት መፋቅ ወገብ ይሰብራል። ጣቢታ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ስትማር የእናቷን ወገብ እያሰበች ለመመረቂያዋ በሞተር የሚሠራ የእንሰት መፋቂያ ሠራች። ፈታኞቿ አጨበጨቡላት። ከጭብጨባው በኋላ ማሽኑን አምርቶ የሚሸጥ ሰው ስለጠፋ ራሷ ተነሣች።

ሲጀምሩ ሁለት ነበሩ፤ እሷና በያጁ ጋሽ ዕንባቆም። ጋሽ ዕንባቆም የአባቷ ጓደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እጃቸው የነካው ብረት የማይላቀቅ ሰው ናቸው። ቀጥሎ ስልክ የምታነሣውና ሽያጭ የምትከታተለው ሀኒ መጣች፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚወዳት ልጅ ናት። ከዱራሜ ደግሞ በከምባታ በኩል ያሉትን ማሽኖች የሚተክለውና የሚጠግነው መካኒኩ አክሊሉ ተጨመረ። ሌሎችም ተቀጠሩ። ቤቱ ሞላ፣ ሥራው በዛ፣ የጣቢታም ትዕግሥት አለቀ።

አዲስ አበባ ለጀማሪ ድርጅቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተገኝታ የተመለሰች ሰሞን ዓይኗ በርቶ ነበር። አሠልጣኙ ገበያንና ካፒታልን ትቶ ስለ ድርጅት ባህል ነበር የነገራቸው። ባህል ማለት አለቃው ዞር ሲል ሠራተኞቹ የሚያደርጉት ነው አላቸው። ጣቢታ ይህንኑ ማታ ለእናቷ ስታወራ ወይዘሮ ትርፊት ግራ ገባቸው።

«ባህል? የሀድያ ባህል አለን አይደለም እንዴ? አንቺ ደግሞ ምን ልትጨምሪበት ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ባህል ነው እማ። ሰው ያየውን ችግር በግልጽ የሚናገርበት።»

«በግልጽ?» አሉ እናቷ፤ አንድ ጸያፍ ነገር የሰሙ ይመስል።

በማግሥቱ ማተሚያ ቤት ሄዳ «ችግር ሲያዩ ወዲያውኑ ይናገሩ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሳትማ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። የአስተያየት ሣጥንም አሠራች። የሰኞ ስብሰባ ጀመረች። በመጀመሪያው ስብሰባ «ያልተመቻችሁ ነገር ካለ ተናገሩ» ስትል ሁሉም ጫማቸውን ማየት ያዙ። በሁለተኛው ጋሽ ዕንባቆም ረዘም ያለ ጸሎት ካደረጉ በኋላ «ሁሉም ሰላም ነው፤ ስሙ ይባረክ» ብለው ዘጉት። ሣጥኑ ከወር በኋላ ሲከፈት አንድ የሠርግ መጥሪያና የማስቲካ ወረቀት ተገኘበት። የሠርግ መጥሪያውን ማን እንደከተተው እስካሁን አልታወቀም። ጣቢታን ግን ያናደዳት ሠርጉ ማለፉ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ምስክር የምትባል እንግዳ መጣች። ለገጠር ሴቶች የሥራ መሣሪያ ገዝቶ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ መፋቂያውን በብዛት ለመግዛት አስበዋል፤ መጀመሪያ ግን ሲሠራ ማየት አለባት። ጣቢታ ብዙ ሳታስብ በከምባታ፣ አንጋጫ አጠገብ ያለውንና መፋቂያውን የገዛውን የሴቶች ማኅበር መረጠች፤ ከዚያ በኩል ክፉ ወሬ ተሰምቶ አያውቅም።

«ሀኒ፣ አንጋጫዎቹ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ናቸው።»

«ማሽኑስ?»

ሀኒ ስልኩን ማስተካከል ያዘች። «ማሽኑም… አለ።»

«አለ» ማለትና «ይሠራል» ማለት እንደሚለያዩ ጣቢታ ያን ጊዜ ልብ አላለችም። በማግሥቱ በተከራየችው መኪና ምስክርን ከፊት አስቀምጣ፣ አክሊሉን ከኋላ ጭና ተነሣች። ሌላ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ የሚሄደው አክሊሉ ያን ዕለት አንጋጫ እስኪደርሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ነበር።

የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበው ጠበቋቸው። ማሽኑ ከአንድ ዳስ ሥር በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። ጣቢታ ፈገግ እያለች ላስቲኩን ገለጠችው። እንሰቱ በሚገባበት አፍ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻት እንጂ አልተነሣችም።

ወዲያው ሴቶቹ ተራ በተራ በከምባትኛ መናገር ጀመሩ። እጃቸውን ያወራጫሉ፣ ማሽኑን ይጠቁማሉ፣ አንዷ የሆነ ነገር ሲጠመጠም በጣቷ እያሽከረከረች ታሳያለች። ሀድይኛና ከምባትኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ ጣቢታ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ቃል ትይዛለች፤ ነገሩ ግን አይገባትም።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችው አክሊሉን።

አክሊሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት።»

«ይህን ሁሉ?»

«በመምጣታችሁ… ደስ ብሏቸዋል።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ጽጌ ከመካከል ወጣ አሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አማርኛቸው የተስተካከለ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ገና አላልንም፤ ቀጥለን እንላለን» አሉ። «አሁን ያልነው፣ ይህ ብረት ጥቂት ቀን ሠርቶ የእንሰቱን ቃጫ በሆዱ ጠምጥሞ ቆመ ነው። ይኸው እኛም ወደ መፋቂያ ሳንቃችን ተመለስን።»

ምስክር ወደ ጣቢታ ዞረች። «ይህ አልተነገራችሁም ነበር?»

«ኧረ ነግረናል!» አሉ ወይዘሮ ጽጌ ጣቢታን ቀድመው። «ስንቴ ደውለናል። ስልክ የምታነሣው ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ ናት መሰለሽ! በደወልን ቁጥር ታዝንልናለች። አንድ ቀንም ሽማግሌው በያጅ መጥተው ደከሙ፤ እሳቸውም ጨዋ ናቸው። ይህም ልጅ» አሉ ወደ አክሊሉ እያመለከቱ፣ «ባለፈው መጥቶ አይቶት አዝኖ ነው የሄደው።»

ጣቢታ ፊቷ ጋለ። መላው ድርጅቷ ተራ በተራ እዚህ መጥቶ አዝኖ ተመልሷል። ያላዘነችው እሷ ብቻ ናት።

ሲመለሱ ምስክር «ማሽን ይበላሻል፤ እሱ አያስደነግጠኝም» አለቻት። «ያስደነገጠኝ አንቺ ከእኔ ጋር እኩል መስማትሽ ነው። እንደገና ስትዘጋጁ ጥሩኝ።»

ሰኞ ጠዋት ጣቢታ ሁሉንም ሰበሰበች። አንጋጫ ከሄዱበት አርብ ጀምሮ ንዴቷ አልበረደም።

«አንጋጫ ያለው ማሽን መቆሙን ማን ያውቅ ነበር?»

 አንዱ ሠራተኛ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ይመረምረው ጀመር።

«ጣቢታ ልጄ» አሉ ጋሽ ዕንባቆም ቀስ ብለው፣ «መጀመሪያ በጸሎት ብንከፍተው…»

«ጋሽ ዕንባቆም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል! የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ!»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሀኒ እጇን እንደ ተማሪ ከፍ አደረገች። «እኔ… ወይዘሮ ጽጌ የደወሉ ዕለት ልነግርሽ መጥቼ—»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ስመጣ አንቺ—»

«እኔ ምን? በሬ ክፍት ነው! ስልኬ ክፍት ነው! ግድግዳው ላይ ይህን በሚያህል ፊደል ተጽፏል!»

ሀኒ ወደ ግድግዳው አየች። «እሺ» አለች።

ጣቢታ ያን ቃል ስትሰማ የያዘችውን እስክሪብቶ ወርውራ ወጣች።

ሌላ አገር ቢሆን ሠራተኞቹ ወይ ይከሷታል፣ ወይ ይለቃሉ። እዚህ ግን የሆነው ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ ቤት በር ላይ ሦስት ሰዎች ቆሙ። አንዱ ጋሽ ዕንባቆም ናቸው። ሁለቱ እሳቸው ያመጧቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከነሱም ዋናው አቶ ባፈና፣ በአካባቢው የድንበር ጠብና የባልና ሚስት ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ሊያስታርቁ ነው የመጡት።

ወይዘሮ ትርፊት ሽር ጉድ አሉ። ወንበር ወጣ፤ ሻይ ቀረበ። ጣቢታ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። የማሽን ብልሽት በሽማግሌ ሲታይ ይህ በዓለም የመጀመሪያው መሆን አለበት ብላ አሰበች።

አቶ ባፈና ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጀመሩ። «ልጄ፣ ዕንባቆም በድሎሻል?»

«አልበደሉኝም አባባ።»

«ዕንባቆም፣ እሷስ በድላሃለች?»

«ኧረ በፍጹም! እንደ ልጄ ነች።»

አቶ ባፈና ወደ ጓደኛቸው ዞር ብለው አዩ። «በዳይ የሌለው ጠብ ከባድ ነው። ምኑን ይዘን ነው የምናስታርቀው?»

«አባባ፣ እኔ እርቅ አልፈለግሁም—» አለች ጣቢታ።

«ቆይ፣ እስቲ እሱ—» አሉ አቶ ባፈና።

«ማሽን ሲበላሽ እንዲነግሩኝ ነው የፈለግሁት! ይኸው ነው! በቃ!»

«እኔ እኮ ገመናሽን መሸፈኔ ነው» አሉ ጋሽ ዕንባቆም፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «የወዳጄ ልጅ የሠራችው ተበላሸ ተብሎ አገር እንዳይሰማ፣ አንቺም እንዳታዝኚ፣ በእጄ አድሼ ላስረክብሽ ብዬ ነው። ለልጆቹም ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሄጄ በየድኩት፤ እንደገና ጠመጠመ። ደግሞ ልሄድ እያልኩ—»

«ጋሽዬ፣ ማሽን ገመና የለውም! ብረት ነው! ብረት አያፍርም!»

«ድምፅሽን!» አሉ ወይዘሮ ትርፊት ከጓዳ።

አቶ ባፈና ሳቅ አፈናቸው። ሻያቸውን ፉት አሉ። «ልጄ፣ እኔ እንዳንቺ አልተማርኩም፤ ስለ ማሽንም አላውቅም» አሉ። «ለሽምግልና ስቀመጥ አንድ ሥራ ብቻ ነው የምሠራው፤ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ አፌን እዘጋለሁ። አንቺ ከተቀመጥን ጀምሮ ማንንም አላስጨረስሽም፤ እኔንም ጨምሮ።»

ጣቢታ ይህ ልክ እንዳልሆነ ልትናገር አፏን ከፈተች። አዛውንቱ ገና ዓረፍተ ነገራቸውን እየጨረሱ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። አሠልጣኝ ቢነግራት በማስታወሻ ትጽፈው ነበር፤ በእናቷ ሳሎን ውስጥ፣ እናቷ እየሰሙ ሲነገራት ግን እንደ ቁንጥጫ ነበር። ሽማግሌዎቹ በዳይም ተበዳይም ሳያገኙ ሁለቱን እጅ ለእጅ አስጨብጠው፣ መርቀው ሄዱ።

የተከተለው ሳምንት ዝናባማ ነበር። ጣቢታ ወርክሾፑን ዘግታ ሁሉንም ሰው በአንድ ሚኒባስ ጭና አንጋጫ ወረደች። ሀኒንም ወሰደቻት፤ ድምፅዋን ብቻ የሚያውቋት ሴቶች ሲያዩዋት እየሳሙ አስጨነቋት። ማሽኑ ከዳሱ ወጥቶ ተፈታ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ፈልፍላ ቦታውን ለቅቃ ነበር፤ በዚያ ማሽን በሰዓቱ የተጠናቀቀ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

«አክሊሉ፣ ዛሬ እያንዳንዷን ቃል ትተረጉማለህ» አለችው። «ስድብም ከሆነ ስድቡን።»

ሴቶቹ ጀመሩ። አክሊሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በላብ ተጠመቀ። «ይህን የሠራ ሰው የጠና እንሰት ፍቆ አያውቅም ይላሉ።»

«ቀጥል።»

«ሲጮህ ደግሞ ላም ያስደነግጣል።»

«ቀጥል።»

«ከዚያ… እሱስ ይቅር።»

«አይቀርም!»

«ያገባች አትመስልም ይላሉ። የባል አመል ብትችል ኖሮ እንዲህ ተቻኩላ አትሠራም ነበር።»

ሴቶቹ የአክሊሉን ፊት አይተው በሳቅ ፈረሱ። ጣቢታ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እሱ ከማሽኑ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ ጮኸች፤ ግን ያን ቀን ከወትሮው ውጭ ሁሉንም አስጨረሰች። ሲያስጨርሱት ሰው የሚናገረው ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት ጨዋነት ናቸው፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለካ እሷ ሁልጊዜ ጨዋነቱን ሰምታ ነበር የምትሄደው።

ማሽኑ ሲፈታ ቃጫው ዘንጉ ላይ እንደ ገመድ ተገምዶ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አንቆታል። ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም። ጣቢታ ስትነድፈው ለሙከራ የተጠቀመችው ለጋ እንሰት ስለነበር እንሰቱን በሚፍቀው ሲሊንደርና በማሽኑ ጎን መካከል የተወችው ክፍተት አላስቸገራትም፤ የጋሽ ዕንባቆም ብየዳ ደግሞ ክፍተቱን አሰፋው። በሁለቱም ጎን ክብ ላሜራ አስገብተው ሞከሩት፤ እንደገና ጠመጠመ። ጋሽ ዕንባቆም ኮፍያቸውን መሬት ላይ ወርውረው ሲማረሩ ጣቢታ ሳታስበው ደስ አላት። እኚህ ሰው ችግር የለም ሳይሉ ስትሰማቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ላሜራውን አስፍተው፣ አቅርበው፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግመው አስነሡት። ቃጫው አልተጠመጠመም፤ ያዘ።

በዚህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ሰው አስተዳድሮ አያውቅም። የሰኞው ስብሰባ ቀጠለ፤ ጣቢታም እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ክፉ ወሬ ይዞ እንዲመጣ አዘዘች። የመጀመሪያው ሰኞ ክፉ ወሬው ሁሉ ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር ሆነ። ሁሉም ሰው! በሩ ይጮሃል፣ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። በሩ ተሠራ። በሚቀጥለው ሰኞ «አሁን በሩ ጥሩ ሆኗል» አሉ። ጣቢታ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፋች። ያም ሆኖ ሀኒ ቀስ በቀስ ተለወጠች። አንድ ቀን ስልኩን በእጇ እንደያዘች፣ ደንበኛዋ ገና እየተናገረች ጣቢታ ክፍል ገብታ «ሾኔ ከተማ ያለው ማሽን ሞተሩ እየጨሰ ነው፤ ሴትየዋ ተቆጥታለች፤ እኔ አላረጋጋትም፣ አንቺ አናግሪያት» ብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችባት። ጣቢታ ሩብ ሰዓት ያህል ተሰደበች። ሀኒ አጠገቧ ቆማ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ አዝናላትም ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምስክር ተመልሳ መጣች። የአንጋጫውን ማሽን ሲሠራ አይታ፣ ከሴቶቹ ጋር በቀጥታ ተነጋግራ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀመጠች። ትእዛዙ ትልቅ ነው። ግን ሴቶቹ ሥራ የሚበዛባቸው ለሀድያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴና ለመስቀል ስለሆነ ማሽኖቹ ከዚያ በፊት መድረስ አለባቸው።

«ትደርሳላችሁ?» አለች።

«እናደርሳለን» አለች ጣቢታ ዓይኗን ሳታሽ።

ጋሽ ዕንባቆም የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። ከተቀመጡበት ተነሡ። እንግዳዋን በአክብሮት ጎንበስ ብለው ሰላም አሉና ወደ ጣቢታ ዞሩ።

«አንደርስም» አሉ።

ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ቆመ። አክሊሉ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ጣቢታ ደሟ ወደ ራሷ ሲወጣ ተሰማት። እንግዳ ፊት! የዓመቱ ትልቁ ትእዛዝ ፊት! ለወራት ሰኞ ሰኞ ስትለምናቸው ያልተናገሩት ሰውዬ፣ ዛሬ፣ አሁን!

«ጋሽ ዕንባቆም—» ብላ ጀመረችና ጥርሷን ነከሰች። ሽማግሌው ገና አልጨረሱም።

«በዚህ እጅና በዚህ መብራት አንደርስም» ቀጠሉ። «ግማሹን እናደርሳለን። ግማሹ ከመስቀል በኋላ ነው። ሁሉንም አደርሳለሁ ብዬ ብበይደው ይለቃል፤ ሲለቅ ደግሞ ልሸፍነው ነው።»

ምስክር ሁለቱንም እያፈራረቀች አየች፤ ቀስ ብላም «እንግዲያው ግማሹን» አለች። ጣቢታ እንግዳዋን እስከ ባጃጅ ሸኝታ ተመለሰች። ምሳዋን አልበላችም። ሀኒ ሻይ ብታመጣላት አልነካችውም። በግልጽ ይነገረኝ ብላ ስትጮህ የኖረችው እሷ ናት፤ ሲነገራት ግን ይህን ያህል እንደሚያቃጥል ማንም አልነገራትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ብየዳው ቦታ ሄደች። ጋሽ ዕንባቆም አንድ ጎን ላሜራ ይዘው ይለካሉ።

«መብራቱ ምን ሆነ?» አለቻቸው። «ስለ መብራት ያሉት ምን ማለት ነው?»

«መብራቱ» አሉ ጋሽ ዕንባቆም፣ መለኪያውን አስቀምጠው፣ «እሱ ረጅም ነገር ነው። መጀመሪያ እኔ ወጣት ሆኜ ሾኔ ስሠራ የነበረ አንድ ጄኔሬተር ነበር…»

ጣቢታ የብረት በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።